ማሪያ ጋኤታና አኜዚና ለወጣቶች ያዘጋጀችው የካልኩለስ መጽሐፍ

የትምህርት ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የተፈጥሮ ሳይንስ የሚከታተሉት፣ ካልኩለስን ለብቻቸው ለማጥናት የትኛውን አጋዥ መጽሐፍ ቢገዙ እንደሚበጃቸው ይጠይቃሉ። ጥያቄው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በልደታ ክፍለ ከተማ እንደ ጌጃ ሰፈር ካለ መንደር የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያጠናው ቤተሰቡ በሙሉ በሚኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ታናናሾቹ ከተኙ በኋላ ነው። በክፍል ያመለጠውን የሚያስረዳው የግል አስጠኚ የለውም። እናቱ ከጉልት ንግዷ ቆጥባ የምትሰጠው ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ እንጂ ለሁለት አይበቃም። በመንገድ ዳር የተደረደሩት አጋዥ መጻሕፍት ግን ብዙ ናቸው፤ ሽፋናቸውም ሁሉ ያው አንድ ተስፋ ይሰጣል። የማይሆነውን መጽሐፍ የመረጠ ተማሪ ገንዘቡን ከመክሰሩም በላይ ከፈተናው በፊት የቀሩትን ወራት ያጣል፤ እነዚያን ወራት ደግሞ የሚመልስለት የለም።

በዚህ እትም የመጻሕፍት ስም መዘርዘርን አልመረጥንም፤ በየዓመቱ አዳዲስ መጻሕፍት ይወጣሉ፣ ሥርዓተ ትምህርቱም ይለወጣል። ይልቁንስ ይህንኑ ችግር በራሷ ጥናት ያየች፣ ካየችም በኋላ ከእርሷ ኋላ ለሚመጡት ወጣቶች መጽሐፍ ያዘጋጀች፣ በመጨረሻም ዕድሜዋን ለድኾች የሰጠች የአንዲት ካቶሊካዊት ሴት ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ማሪያ ጋኤታና አኜዚ የተወለደችው ግንቦት 16 ቀን 1718 በሰሜን ኢጣሊያ በሚላኖ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ሚላኖ በኦስትሪያ የሀብስቡርግ ነገሥታት ሥር ትተዳደር ነበር። የቤተሰቡ ሀብት ከሐር ንግድ የመጣ ነበር። አባቷ ፒየትሮ ባለጸጋ ቢሆንም፣ በዘመኑ ልማድ ነጋዴ ከመኳንንቱ እኩል አይቆጠርምና ወደዚያ ደረጃ ለመውጣት እጅግ ይጓጓ ነበር። እናቷ አና በ1732 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ፒየትሮ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ አግብቶ ከሃያ በላይ ልጆች ወልዷል፤ ማሪያ ጋኤታና የሁሉም ታላቅ ነበረች። የበኩር ልጅነት በየትኛውም አገር ምን ሸክም እንደሚያመጣ ለአንባብያን መንገር አያሻንም።

የልጅቱ አእምሮ ገና በጨቅላነቷ ታወቀ። በአምስት ዓመቷ ፈረንሳይኛ ትናገር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ በ1727፣ ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ሊማሩ ይገባል የሚል ረጅም ንግግር በላቲን ቋንቋ በእንግዶች ፊት በቃሏ አቀረበች፤ ንግግሩን በጣሊያንኛ ያሰናዳው አስተማሪዋ ሲሆን ወደ ላቲን የመለሰችው እርሷ እንደ ነበረች ይነገራል። ጥቂት ቆይታ ግሪክኛን፣ ዕብራይስጥን፣ እስፓንኛንና ጀርመንኛን ጨመረች፤ ሰዎችም ባለ ሰባት ልሳን የሚል ቅጽል ሰጧት። አባቷ በቤቱ አዳራሽ ሊቃውንትንና መንገደኞችን እየጠራ ልጁን ያከራክራት ነበር። ከእርሷ ሁለት ዓመት የምታንሰው እኅቷ ማሪያ ቴሬዛ ደግሞ ሀርፕሲኮርድ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ትመታለች፤ በኋላም ስመ ጥር የሙዚቃ ደራሲ ሆናለች። በ1738 ማሪያ ጋኤታና የተከራከረችባቸው 190 የፍልስፍናና የተፈጥሮ ሳይንስ አንቀጾች ታትመው ወጡ።

በዚህ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ልጅቱ ደስተኛ አልነበረችም። በ1739 ሚላኖን የጎበኘው ፈረንሳዊው ዳኛ ሻርል ደ ብሮስ በዕውቀቷ ተደንቆ ሳለ መነኩሲት ለመሆን እንደምታስብ ሲሰማ ማዘኑን ጽፏል። እርሷም ሐሳቧን ለአባቷ ገለጸች። አባቷ አልፈቀደም፤ ቤቱን የሚያስከብርለት የእርሷ ስም ነበርና። አባትና ልጅ በመጨረሻ በስምምነት ተለያዩ፦ ማሪያ ጋኤታና በቤት ትቀመጣለች፤ ነገር ግን በፈለገችው ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ተራ ልብስ ትለብሳለች፣ ከዳንስና ከቲያትር ትቀራለች። ከዚህ በኋላ ጊዜዋን ለጸሎትና ለሒሳብ ሰጠች። በእኛ አስተያየት እነዚህን ሁለቱን እንደ ተጻራሪ ነገሮች አላየቻቸውም፤ ሁለቱም ጸጥታ ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በ1740 አካባቢ አንድ ወጣት ካልኩለስን ለመማር ቢፈልግ ምን መጽሐፍ ያገኝ ነበር? ሳይንሱ ገና አዲስ ነው። ጀርመናዊው ላይብኒትስ ግኝቱን ያሳተመው በ1684 ነው፤ እንግሊዛዊው ኒውተንም በራሱ መንገድ ደርሶበታል። የዲፈረንሻል ካልኩለስ የመጀመሪያው የመማሪያ መጽሐፍ የሚባለውን ፈረንሳዊው ሎፒታል ያወጣው በ1696 ነው፤ ኢንተግራል ካልኩለስን ግን አይጨምርም። ሌላው ዕውቀት በሊቃውንት ማኅበራት መጽሔቶችና ከአንዱ ሊቅ ወደ ሌላው በሚላኩ ደብዳቤዎች ተበታትኖ ይገኛል፤ አንዱ በላቲን፣ አንዱ በፈረንሳይኛ፣ ምልክቶቹም እንደየጸሐፊው ይለያያሉ። ጸሐፊዎቹ የሚጽፉት ለእኩዮቻቸው ነውና ጀማሪ የሚሰናከልበትን ቦታ እየዘለሉ ያልፉ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው ያለፈው፤ ነገር ግን ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ገጾችን ከየቦታው ሰብስቦ ቅደም ተከተላቸው የጠፋበት የዛሬ ተማሪም ይህን ሥዕል ሳያውቀው አይቀርም።

ማሪያ ጋኤታና በመጀመሪያ ሎፒታል ስለ ኮን ቁርጦች በጻፈው መጽሐፍ ላይ ለብቻዋ ደክማ ማብራሪያ ጻፈችበት፤ ማብራሪያው አልታተመም። በ1740 ግን አባ ራሚሮ ራምፒኔሊ የተባሉ የኦሊቬታኒ በነዲክታውያን ማኅበር መነኩሴ ለሒሳብ መምህርነት ወደ ሚላኖ መጡና ወደ አኜዚ ቤት ይመላለሱ ጀመር። አባ ራምፒኔሊ የክምር መጻሕፍት ዝርዝር አልሰጧትም። አንድ መጽሐፍ አነሡ፤ እርሱም የኦራቶርዮ ማኅበር ካህን የነበሩት ፈረንሳዊው ሻርል ሬይኖ በ1708 ያሳተሙት ነው። መምህርና ተማሪ ያንን መጽሐፍ ይዘው ዘለቁበት። በኋላ በራሷ መጽሐፍ መቅድም ላይ አኜዚ ለእኚህ መነኩሴ ያለባትን ውለታ ሳትደብቅ አስታውቃለች፤ መሪ ባይኖራት ኖሮ በመንገዱ ላይ ትጠፋ እንደ ነበር ታምን ነበር። ይህ ቃል የመጣው በሰባት ቋንቋ ከምታነብና የአባቷ ገንዘብ የፈለገችውን መጽሐፍ ሁሉ ሊገዛላት ከሚችል ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ለብቻው አንብቦ ካልገባው ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ካልኩለስን ላልተማሩ አንባብያን፣ በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ በአጭሩ ብናስረዳ መልካም ነው። ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ከቧንቧው ሥር በርሜል ይቀመጣል። ውኃው አንድ ጊዜ በኃይል፣ አንድ ጊዜ በቀስታ ይወርዳል። በዚህች ቅጽበት በርሜሉ በምን ፍጥነት እየሞላ ነው ብሎ መጠየቅ የዲፈረንሻል ካልኩለስ ጥያቄ ነው። የእያንዳንዷን ቅጽበት አወራረድ ካወቅን እስከ ንጋት በጠቅላላው ስንት ሊትር ይጠራቀማል ብሎ መጠየቅ ደግሞ የኢንተግራል ካልኩለስ ጥያቄ ነው። ሁለቱ እንደ መውጣትና እንደ መውረድ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው።

አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር፤ የአኜዚ ዘመን ሰዎች ያስቡ የነበሩት በዚህ ዓይነት ነውና። ጎኑ 10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ 100 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። እያንዳንዱ ጎን በ1 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ስፋቱ 100.2001 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከጭማሪው ውስጥ 0.2 ካሬ ሜትሩ የመጣው በሁለት ጎን ከታከሉት ረጃጅምና ቀጫጭን ቁራጮች ነው፤ የቀረው 0.0001 በማዕዘን ላይ ከምትገኘው ትንሽ ካሬ ነው። ጭማሪውን እያሳነስን በሄድን መጠን የማዕዘኗ ድርሻ ከቁራጮቹ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። የሚቀረው የጎኑ እጥፍ በጭማሪው ሲባዛ ነው። ተማሪዎች የኤክስ ካሬ ዴሪቬቲቭ ሁለት ኤክስ ነው እያሉ በቃላቸው የሚሸመድዱት ሕግ ምንጩ ይኸው ነው። አንድ አጋዥ መጽሐፍ ሕጉን በሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ምንጩን ካላሳየ፣ ተማሪው ጥያቄው መልኩን በለወጠ ቀን ይጠፋበታል። መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ቆሞ የሚመርጥ ልጅ ይህን አንድ ገጽ ብቻ ፈልጎ ቢያነብ ስለ መጽሐፉ ብዙ ያውቃል።

አኜዚ ለራሷ ጥናት የያዘችው ማስታወሻና ለታናናሾቿ ማስተማሪያ ይሆናል ብላ የጀመረችው ጽሑፍ እየሰፋ ሄዶ መጽሐፍ ሆነ። አባ ራምፒኔሊ ከታወቀው የሒሳብ ሊቅ ከያኮፖ ሪካቲ ጋር አገናኟት፤ ሪካቲም ረቂቁን እያነበበ አስተያየቱን ይልክላት ነበር። የማተሚያው መሣሪያ ወደ አኜዚ ቤት መጥቶ እርሷ የሠራተኞቹን ሥራ በዓይኗ ትከታተል እንደ ነበር ይነገራል፤ የሒሳብ ምልክት አንዲቷ ነጥብ ስትሳሳት ገጹ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና ጥንቃቄው አላስፈላጊ አልነበረም። በ1748 የአናሊሲስ መሠረተ ትምህርት ለኢጣሊያ ወጣቶች ጥቅም የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ይዞ በሁለት ቅጽ፣ ከ1000 በሚበልጡ ገጾች ታትሞ ወጣ።

ቋንቋው የሚያስገርም ነው። ሊቅ ተብሎ መታወቅ የፈለገ ሰው በላቲን ይጽፍ ነበር፤ እርሷ ላቲንን ከልጅነቷ ጀምራ አሳምራ ታውቃለች። ሆኖም በጣሊያንኛ ጻፈች። የእኛ ልጆች ካልኩለስን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቹም የሚቸገሩት በሒሳቡ ይሁን በቋንቋው ራሳቸውም ለይተው አያውቁም። ስለዚህ ለብቻው የሚያጠና ልጅ አረፍተ ነገሩ አጫጭር የሆነውን፣ ቃላቱን ደጋግሞ የሚተረጉመውን መጽሐፍ ቢመርጥ ማንም አያፍርበትም። ምንም ቢረቅቅ የማይነበብ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የቅደም ተከተሉ ነገር ያስተምራል። ከሁለቱ ቅጾች የመጀመሪያው በሙሉ ካልኩለስ አይደለም! አልጀብራና የአልጀብራ ጂኦሜትሪ ነው፤ እኩልታዎችን መፍታት፣ ጥምዝ መስመሮችን በእኩልታ መግለጽ። ወደ ዲፈረንሻል ካልኩለስ የሚገባው በሁለተኛው ቅጽ ነው፤ ከዚያ ወደ ኢንተግራል፣ በመጨረሻም ዛሬ ዲፈረንሻል እኩልታ ወደምንለው ይሸጋገራል። አኜዚ ተማሪው የት ሊወድቅ እንደሚችል ታውቅ ነበር። በዘመናችንም ካልኩለስ አልገባኝም የሚል ተማሪ ደብተሩ ቢመረመር፣ ስሕተቱ በአብዛኛው ክፍልፋይ ሲያቃልል፣ ቅንፍ ሲፈታ፣ የአሉታ ምልክት ሲረሳ የሠራው ሆኖ ይገኛል። ይህ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትምህርት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የመጀመሪያው የካልኩለስ አጋዥ መጽሐፍ ከጎረቤት ሊዋሰው የሚችለው የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነው፤ ዋጋውም ምንም ነው። ለጥቂት ሳምንታት ወደ ኋላ መመለስ ለኩሩ ወጣት መራራ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ሺህ ገጽ ከጻፈችው ሴት ይልቅ መንገዱን የሚያውቅ ማን ነው?

በዚያው በ1748 ታላቁ ሊቅ ሌዮናርድ ኦይለርም በሎዛን ከተማ ስለዚሁ ሳይንስ መግቢያ የሚሆን ሥራ በላቲን አሳትሟል። በግኝት ብዛት አኜዚ ከኦይለር ጋር አትወዳደርም፤ አዲስ ሳይንስ ፈጠረች ብለንም አንጽፍም። የእርሷ ድካም የተበተነውን መሰብሰብ፣ የተለያየ አነጋገር ያለውን ወደ አንድ አነጋገር ማምጣት፣ ከእያንዳንዱ ሕግ በኋላ ምሳሌ ከነሙሉ አሠራሩ ማስከተል ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ካለ ምክንያት አይደለም። ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች የሚወዷቸው አንዳንድ መጻሕፍት ከጥያቄው ሥር መልሱ ሀ ወይም ለ ነው ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚያውቀውን ሰው ይመዝናል እንጂ የማያውቀውን አያስተምርም፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊገዛ አይገባውም። የትምህርት ሚኒስቴርን የተማሪ መጽሐፍ በእጁ የያዘ ልጅ ደግሞ አጋዡን ከእርሱ ጋር አስተያይቶ፣ የምልክቶቹ አጻጻፍ አንድ መሆኑን አይቶ ቢወስድ ይበጃል።

የምልክት ነገር ቀላል አለመሆኑን የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ራሱ ያሳያል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ኒውተን ይዞት በነበረው ወንበር ላይ የተቀመጠው ጆን ኮልሰን የአኜዚን መጽሐፍ ለአገሩ ወጣቶች ለመተርጎም ሲል በሸመገለ ዕድሜው ጣሊያንኛ ተማረ። ሲተረጉም ግን እርሷ የተጠቀመችበትን የላይብኒትስን አጻጻፍ በኒውተን አጻጻፍ ለወጠው። የአጻጻፍ መለያየት እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ዴሪቬቲቭን አንዱ መጽሐፍ በጭረት፣ ሌላው በክፍልፋይ መልክ ይጽፈዋል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያልነገሩት ተማሪ ሁለት ትምህርት ያለ ይመስለዋል።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ የተደረገለት አቀባበል ከፍ ያለ ነበር። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ መርምሮ አመሰገነው፤ ሁለተኛው ቅጽም በ1775 በፈረንሳይኛ ታተመ። መታሰቢያነቱ የተሰጣት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የአልማዝ ቀለበትና በዕንቁ ያጌጠ ሣጥን ላከችላት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ የወርቅ ሜዳልያና የከበረ ድንጋይ ያለበት የወርቅ አክሊል ሰደዱላት። እኚህ አባት የቦሎኛ ተወላጅ ሲሆኑ ሳይንስን የሚወዱ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምር የነበረችውን ላውራ ባሲንም የሚደግፉ ነበሩ። በ1750 አኜዚ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርነት ሹመት እንዲሰጣት አደረጉ። በዚያን ዘመን ለሴት እንዲህ ያለ ወንበር መሰጠቱ ብርቅ ነው። እርሷ ግን ሹመቱን በክብር ይዛ ቀረች እንጂ ለማስተማር ወደ ቦሎኛ አልሄደችም።

አባቷ በ1752 ሞተ። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 33 ዓመት ነበር። ከዚህ ወዲህ አኜዚ ከሒሳብ እየራቀች ነገረ መለኮትንና የአበውን መጻሕፍት ማንበብ፣ ድኾችን ማገልገል ያዘች። በቁምስናዋ ትምህርተ ክርስቶስ ታስተምር ነበር፤ ሊቃውንትን በላቲን ትረታ የነበረችው ሴት ፊደል ያልቆጠሩ ልጃገረዶችን ስለ እምነት መጀመሪያ ነገሮች ታስረዳ ነበር። ለዚህ አገልግሎት የተሰማሩ አንባብያን ካልኩለስን ለጀማሪ ከማስረዳት ይህ እንደማይቀል ይመሰክሩልናል። ከቤቱ ክፍሎች ጥቂቶቹን ለታመሙ ድኻ ሴቶች ለቀቀች። ቦታው ሲጠባት በ1759 ሌላ ቤት ተከራየች። ገንዘብ ሲያልቅባት ከንግሥቲቱ የተቀበለችውን ቀለበትና ሣጥን ሸጠች፤ ከዚያም አልፋ ከባለጸጎች ደጅ እየጠናች ትለምን ነበር።

በ1762 የቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ላግራንዥ የተባለው ወጣት ሊቅ በካልኩለስ ላይ ያወጣውን አዲስ ሥራ እንድትመለከትላቸው ጠየቋት። እነዚህን ነገሮች መከታተል እንደ ተወች መለሰችላቸው። ላግራንዥ በኋላ ከታላላቆቹ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ሆኗል። አንዳንዶች ይህን ሲተርኩ ሃይማኖት አንዲትን ሊቅ ከሳይንስ ነጠቀ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሒሳብን እንደ ኃጢአት ጥላ ሸሸች ብለው ያወድሷታል። ከሁለቱም ጋር አንስማማም። የእርሷ መተው ለሒሳብ ጉዳት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሒሳብን እንደ ክፉ ነገር የቆጠረች ሰው ግን ዓመታት ሙሉ ለወጣቶች መማሪያ ስታሰናዳ አትኖርም። ምናልባት በሃያ ዓመቷ የተከለከለችውን ሕይወት አባቷ ሲሞት መልሳ አገኘችው ብንል ወደ እውነቱ እንቀርብ ይሆናል።

በ1771 በሚላኖ ለአረጋውያንና ለድውያን ድኾች የተዘጋጀው የትሪቩልዚዮ መጠለያ ሲከፈት፣ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳሳት ብፁዕ ካርዲናል ፖጾቦኔሊ የሴቶቹን ክፍል በኃላፊነት እንድትመራ ጠየቋት። እሺ አለች። በ1783 ጓዟን ጠቅልላ ወደ መጠለያው ገባችና ከአሮጊቶቹ ጋር ኖረች። በእነዚህ ዓመታት ስለ ካልኩለስ የጻፈችው ነገር አይታወቅም። ጥር 9 ቀን 1799 በ80 ዓመቷ ዐረፈች፤ ከመጠለያው ሟቾች ጋር በአንድ የጋራ መቃብር ተቀበረች።

ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1801፣ ኮልሰን ትቶት የሞተው የእንግሊዝኛ ትርጉም በለንደን ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ኮረብታ መካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዘቀዝቅ ጥምዝ መስመር አለ። ከእርሷ በፊት ጉይዶ ግራንዲ የተባሉ መነኩሴ መዞርን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ስም አውጥተውለት ነበር፤ በጣሊያንኛ ቬርሲዬራ ይባላል። ኮልሰን ይህን ቃል የዲያብሎስን ሚስት ወይም ጠንቋይን ከሚያመለክት ሌላ ተቀራራቢ ቃል ጋር አምታታው። በእንግሊዝኛ የካልኩለስ መጻሕፍት ውስጥ መስመሩ እስከ ዛሬ የአኜዚ ጠንቋይ ተብሎ ይጠራል። ከጌጃ ሰፈር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አንድ ቀን በመልመጃው መካከል ይህን ስም ቢያገኝ፣ የተባለችው ሴት ማን እንደ ነበረች ያውቃል።